ሞክሼ ኮምፒውተሮች

በራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙትን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ስከፍት አንድ መስመር ብቻ ታየኝ። በክፍሉ ውስጥ ሃያ ኮምፒውተሮች በርተዋል፤ ኬብሎቻቸውን የሚያገናኘው ሳጥን፣ የስዊቹ፣ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ይርገበገባሉ፤ ተማሪዎቹም «ቲቸር፣ ኢንተርኔቱ መጣ ስንል ይሄዳል» እያሉ ከየወንበራቸው ይጣራሉ። ገጹን ባደስሁት ቁጥር የአይፒ አድራሻው ያው ነው፤ ከጎኑ የሚታየው የኔትወርክ ካርድ መለያ ግን ይለዋወጣል። ሃያ ሰው በአንድ መታወቂያ እየተቀባበለ የሚገባበት የመሥሪያ ቤት በር ላይ የቆመ ጥበቃ ቢኖር የሚደናገረው እንደ እኔ ይመስለኛል።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። በዋዜማው አንዱን ኮምፒውተር አሰናድቼ፣ በውስጡ ያለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከነፕሮግራሞቹና ከነቅንብሩ በኔትወርክ ኬብል ወደ ቀሩት አሥራ ዘጠኝ ገልብጬው ነበር። ሁሉም ተነሥተዋል፤ ሁሉም በአማርኛ ይጽፋሉ፤ አንድም ፋይል አልጎደለም። ችግሩ ግልበጣው ከሚገባው በላይ መሳካቱ ነበር።

በእኛ አገር ኮምፒውተሩ ያስቸገረው ሰው ወደ ጥገና ቤት ሄዶ «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ቃሉ በጥብቅ ትርጉሙ ዲስክን ለአዲስ ፋይል ማሰናዳት ብቻ ነው፤ በአፋችን ግን ማጥፋቱንም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደገና መጫኑንም፣ ድራይቨሩንም፣ የቢሮ ፕሮግራሙንም፣ የአማርኛ ፊደሉንም ጠቅልሎ ይይዛል። ለአንድ ኮምፒውተር ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ የግማሹ ቀን አብዛኛውም የሚያልፈው መስኮቱ ላይ የምትንቀሳቀሰውን መስመር ቁጭ ብሎ በማየት ነው። ይህን በሃያ ስናባዛው የሚያስፈራው ድካሙ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ማሻሻያውን ከኢንተርኔት ሲያወርድ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል፤ ያው ፋይል ሃያ ጊዜ በአንድ ቀጭን መስመር ሊገባ ነው ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ከስዊቹ ወደየጠረጴዛው የተዘረጋው ኬብል ግን የማንንም ፓኬጅ አይበላም። አንዱን በደንብ ጭኖ የቀሩትን ከእርሱ መገልበጥ የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ ከዚህ ነው።

ሥራውን የተማርሁት ግን ቤቴ ውስጥ፣ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ነው። አሮጌዋ ላፕቶፔ ዴቢያን የሚባል የሊኑክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነባት፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያላት፣ ባትሪዋ ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ ነበረች። በውስጧ ያለው ሲስተም ለዓመታት እየነካካሁ ለእጄ ያለማመድሁት ነው፤ የቁልፍ ሰሌዳው አቀማመጥ፣ ፊደሎቹ፣ የጻፍኋቸው ትንንሽ ስክሪፕቶች፣ ከየት እንዳመጣኋቸው የረሳኋቸው ቅንብሮች ሁሉ እዚያ አሉ። ያገለገለች ግን ከእርስዋ የምትሻል ሌላ ላፕቶፕ ስገዛ ዲስኩን ፈትቼ ወደ አዲሷ ላዛውረው አልቻልሁም፤ የአሮጌዋ ዲስክ እንደ ትንሽ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ሲሆን የአዲሷ ማስቲካ የሚያህል፣ 256 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ ቺፕ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጬ በአንድ ኬብል አገናኘኋቸው። ዱሮ ሁለት ኮምፒውተሮችን ያለ ስዊች ለማገናኘት ገመዶቹ የተሻገሩበት «ክሮስ» የሚባል ልዩ ኬብል ያስፈልግ ነበር፤ የአሁኖቹ ካርዶች ማን ላኪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ ራሳቸው ስለሚለዩ ማንኛውም ኬብል ይሆናል። አዲሷን በፍላሽ አስነሣሁ፣ ለአንዷ 192.168.50.1፣ ለሌላዋ 192.168.50.2 የሚል አድራሻ ሰጠሁ፣ ሁለቱም ተሰማሙ።

ለመገልበጥ ሁለት መንገድ አለ፤ ልዩነታቸውም ከፍጥነት ያለፈ ነው። አንደኛው ዲስኩን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው እንዳለ ማንበብና በሌላው ላይ እንዳለ መጻፍ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ዲዲ የሚባል ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ፣ ዩኒክስ ከተባለው የጥንት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዘመን ጀምሮ የኖረ ነው፤ የሚያነበውን በኬብሉ በኩል ወደ ሌላው ኮምፒውተር ማፍሰስም ቀላል ነው። ዲዲ ማንበብ የማያውቅ ቁም ጸሐፊ ቢኖር የሚሠራውን ይሠራል፤ ፊደሉንም፣ ከጧፍ የተንጠባጠበውን ሰምም፣ የተፋቀውን ስሕተትም፣ ባዶውን ኅዳግም ሳይለይ በአዲሱ ብራና ላይ ያሰፍራል። ባዶ ቦታ ለእርሱ ባዶ አይደለም። ከዓመት በፊት ያጠፋችሁት ፎቶ በላዩ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ያለበት ቦታ አብሮ ይገለበጣል፤ ቅጂውን የተቀበለ ሰውም ትዕግሥት ካለው ፎቶውን ቆፍሮ ሊያወጣው ይችላል። የእኔን 500 ጊጋባይት በጊጋቢት መስመር፣ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ እያሳለፍሁ ብገለብጠው አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ በእውነት የያዘው ፋይል ግን 90 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ለነገሩ 500ው ወደ 256ቱ ስለማይገባ ምርጫም አልነበረኝም።

ሁለተኛው መንገድ ፋይል በፋይል መገልበጥ ሲሆን ለዚህ የሚወደደው መሣሪያ አርሲንክ ነው። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ አደረጉት፤ ትሪጅል በካንቤራው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉም ዘዴውን አብራርቶታል። ሐሳቡ የተወጠነው ለቀርፋፋና ለሩቅ መስመር ነው፤ በሁለት ወገን ተመሳሳይ የሆኑ ፋይሎች ሲኖሩ ሙሉውን ከመላክ ይልቅ ተቀባዩ ያለውን በየቁራጩ አጠር ባሉ ቁጥሮች ይገልጻል፣ ላኪውም ከዚያ የጎደለውን ብቻ ይልካል። መስመር ሲቀጥንና ሲቆራረጥ ለኖረ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ መሣሪያ የአገር ልጅ ይመስላል። ቢቋረጥ አያዝንም፤ እንደገና ሲጠሩት የት እንደደረሰ አይቶ ከዚያ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን አሳፋሪ ነበር። የአሮጌዋን ፋይሎች በሙሉ ላክ ብዬ አዘዝሁትና ቡና ላፈላ ሄድሁ። ስመለስ መቶኛው ዜሮ ላይ ቆሟል፤ የሚገለብጠው ፋይል መጠንም 128 ቴራባይት ይላል። ዲስኬ ግማሽ ቴራባይት ነው! ነገሩ ለካ፣ በሊኑክስ ላይ እንደ ፋይል የሚታይ ሁሉ ፋይል አይደለም። ፕሮክ በሚባለው ማኅደር ውስጥ ያሉት ስሞች ዲስክ ላይ የተቀመጡ ሳይሆኑ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ስለ ራሱ ሲጠየቅ በዚያች ቅጽበት የሚሰጣቸው መልሶች ናቸው፤ ኬኮር የተባለው ደግሞ ማኅደረ ትውስታውን እንደ አንድ ፋይል አድርጎ ያሳያል፣ መጠኑንም የሚናገረው ያለውን ሳይሆን ሊኖር የሚችለውን የአድራሻ ስፋት ነው። እኔ አንዲትን ላፕቶፕ ገልብጥ ስል አርሲንክ በዚያች ሰዓት በአእምሮዋ ያለውን ሐሳብ ጭምር ሊጽፍ ተነሥቶ ነበር። ፕሮክን፣ ሲስን፣ ዴቭንና ረንን ተዉአቸው ብዬ ስመልሰው ሥራው ወደ ሰው ልክ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የለመድሁት አሠራር በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ እየሠራ፣ እኔም እየጻፍሁበት፣ ረጅሙን ግልበጣ አደርጋለሁ። በዚህ ጊዜ የተገለበጡ አንዳንድ ፋይሎች በመሀል ይለወጣሉ፤ በተለይ ዳታቤዝ ካለ ግማሹ የአሁን፣ ግማሹ የቅድም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር የሚካሄደው አሮጌው ሲስተም ጠፍቶ፣ ኮምፒውተሩ በፍላሽ ተነሥቶ፣ በዲስኩ ላይ ምንም ነገር በማይንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። የሚላከው ልዩነቱ ብቻ ስለሆነም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የባለቤትነት መብቶችን በስም ሳይሆን በቁጥር እንዲጠብቅ ማዘዝንም አልረሳም፤ የፍላሹ ሲስተም ሰዎችን በሌላ ቁጥር የሚያውቅ ከሆነ የአንዱ ንብረት በሌላው ስም ይመዘገባልና።

ግልበጣው አልቆ አዲሷን ሳስነሣት ጥቁር ገጽ ላይ ቆመች። ሁሉም ፋይል አለ፤ እርስዋ ግን የራስዋን ዲስክ አታውቀውም። እያንዳንዱ የፋይል ሲስተም ሲፈጠር ዩዩአይዲ የሚባል ረጅም መለያ ይሰጠዋል፤ ኤፍኤስታብ የሚባለው አጭር ሰነድም ሲነሡ የትኛው ክፍልፍል የት እንደሚያያዝ የሚናገረው በዚሁ መለያ ነው። እኔ የገለበጥሁት ሰነድ የአሮጌዋን ዲስክ መለያ ይዞ መጥቷል፤ አዲሷም በአካልዋ ውስጥ የሌለ ነገር ስትፈልግ ቆየች። በዲዲ ብገለብጥ ደግሞ ተቃራኒው በደረሰ ነበር፤ መለያውም አብሮ ስለሚገለበጥ ሁለቱን ዲስኮች አንድ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው ሲስተሙ የትኛውን እንደሚያነሣ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ሌላም ነገር ነበረ። በዘመናዊ ኮምፒውተር «የማስነሻው ፕሮግራም ያለው እዚህ ነው» የሚለው ማስታወሻ የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ማኅደር ነው፤ እርስዋን አርሲንክም ዲዲም አይደርሱባትም። በፍላሽ ገብቼ ኤፍኤስታብን አረምሁ፣ ግራብ የተባለውን ማስነሻ ከአዲሷ ሆኜ እንደገና ጫንሁ፣ ተነሣች። ጠቋሚው ሳይቀር የተውሁበት መስመር ላይ ነበር።

ይህ የተሳካለት ሰው ሃያ ኮምፒውተር የሞላበትን ክፍል፣ «ላብ» የምንለውን፣ ሲያይ የሚሰማውን ልበ ሙሉነት መገመት አያቅትም።

ለብዙ ኮምፒውተር የሚሆነው ዘዴ ዕድሜው አጭር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ መሬይ ሃዛርድ የሚባል ኒውዚላንዳዊ ጎስት የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ ሲማንቴክ የተባለው ኩባንያ በ1998 ገዛውና በዓለም ዙሪያ የላብ ሠራተኞች አፍ ላይ ግሥ እስኪሆን ደረሰ። እኔ የተጠቀምሁበት ክሎንዚላ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የሚያዘጋጁት በታይዋን ብሔራዊ የከፍተኛ ስሌት ማዕከል ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ክሎንዚላ በሁለቱ ቁም ጸሐፊዎች መካከል ያለ ነው፤ እንደ ዲዲ ዲስኩን በየቁራጩ ይገለብጣል፣ ግን የፋይል ሲስተሙን መዝገብ አይቶ የተያዙትን ቁራጮች ብቻ ይወስዳል። አርአያ ያደረግሁት ኮምፒውተር ሲሰናዳ 18 ጊጋባይት ያህል ይዞ ነበር፤ ተጨምቆ ላፕቶፔ ላይ ሲቀመጥ ወደ 7 ጊጋባይት ወረደ።

ተቀባዮቹ ፍላሽም ሲዲም አላስፈለጋቸውም። የኔትወርክ ካርዶቻቸው ፒኤክስኢ የሚባለውን፣ ኢንቴል በ1999 መልክ ያስያዘውን ስምምነት ያውቃሉ፤ ሲበሩ ዲስካቸውን ትተው በኬብሉ ላይ «አድራሻ የሚሰጠኝ፣ የማስነሻ ፕሮግራምም የሚልክልኝ ማን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ላፕቶፔ ለሁለቱም ጥያቄ እንዲመልስ አዘጋጀሁት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አደረግሁ፤ በአንድ መስመር ላይ ሁለት አድራሻ አዳይ ካለ ግራ መጋባት ስለሚፈጠር የክፍሉን ስዊች ከራውተሩ ነቀልሁት። ጥንቃቄው ትክክል ነበር፤ ሆኖም ማግስቱን የጠበቀኝን ጉድ ከዓይኔ የሰወረውም እርሱ ነው።

ስዊቹ አሮጌ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ነበር፤ በተግባር 11 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። 7 ጊጋባይት በዚህ ፍጥነት ወደ አንድ ኮምፒውተር ለመድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ለአሥራ ዘጠኙ ለየብቻቸው ቢላክ፣ በተራም ሆነ በአንድ ላይ፣ ከላፕቶፔ የሚወጣው መስመር አንድ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይወስዳል። መልቲካስት የሚባለው ዘዴ ይህን ስሌት ያፈርሰዋል። የእድር ጡሩንባ ነፊ በየቤቱ እየገባ መርዶ አይነግርም፤ መንገድ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ይናገራል፣ የሰፈሩም ሰው ይሰማል። ላፕቶፔም እያንዳንዱን ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ትልካለች፤ ስዊቹ ለሁሉም ያባዛዋል። አንድ ጉዳት አለው፤ ሁሉም ሰምተናል ሳይሉ ወደሚቀጥለው ቁራጭ ስለማይታለፍ የሰልፉ ፍጥነት የሚወሰነው በመጨረሻው ነው። በመስኮቱ በኩል ያለች አንዲት ኮምፒውተር የኬብልዋ ጫፍ መቆለፊያው ተሰብሮ ስለነበር በየጊዜው «አልሰማሁም» እያለች አሥራ ስምንቱን አስቆመቻቸው፤ ኬብሉን በወረቀት ሸጉጬ አጠበቅሁት።

በስምንተኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። አሥራ ዘጠኝ ስክሪኖች በአንድ ጊዜ ጨለሙ፤ ባትሪ ያላት ላፕቶፔ ብቻ ማንም በማይሰማበት መንገድ ላይ ጡሩንባዋን ይዛ ቀረች። አሥራ ዘጠኙም ዲስኮች አጋማሽ ላይ የተቆረጠ፣ ለምንም የማይሆን ነገር ይዘዋል፤ ምስሉ ግን ላፕቶፔ ላይ በደኅና አለና የጠፋው ስምንት ደቂቃና ትንሽ የልብ ትርታ ብቻ ነው። መብራቱ ወደ አሥር ሰዓት ሲመለስ እንደገና ጀመርሁ፤ በሃያ ደቂቃ አለቀ። የክፍሉን በር ቆልፌ ስወጣ ራሴን በጣም ወድጄው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስዊቹን ከራውተሩ ጋር መልሼ አገናኘሁት። ተማሪዎቹ እስከ ረፋዱ ድረስ ያለ ኢንተርኔት በጽሑፍ ልምምድ ላይ ስለነበሩ ምንም አልተሰማም። ኢንተርኔት ሲከፍቱ ነው በመግቢያዬ ያልሁት ግርግር የተነሣው፤ የአንዱ ገጽ ሲከፈት የሌላው ይቆማል፣ ያኛው ሲመለስ ይሄኛው ይጠፋል። መጀመሪያ ስዊቹን ጠረጠርሁ፣ ቀጥዬ ራውተሩን፤ የራሴን ሥራ ለመጠርጠር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሮቹ አቅማቸው አነስተኛ ስለሆነ የጫንሁት ኡቡንቱ ከሚባለው ሊኑክስ ለሰርቨር የተዘጋጀውን ሲሆን በላዩ ቀላል ዴስክቶፕ ጨምሬበታለሁ። ማንኛውም ኮምፒውተር አድራሻ ሲጠይቅ ራሱን ማስተዋወቅ አለበት። ብዙዎች የሚያስተዋውቁት በኔትወርክ ካርዳቸው ላይ ከፋብሪካ በተጻፈው ባለ 48 ቢት ቁጥር ነው፤ እርሱ ደግሞ በግልበጣ ስለማይተላለፍ ችግር አያመጣም። ይህ የኡቡንቱ ዓይነት ግን ራሱን የሚያስተዋውቀው ከሁለት ነገሮች በተሠራ መለያ ነው፤ አንዱ ሲስተሙ ሲጫን ለራሱ የሚያወጣውና ማሽን አይዲ በሚባል ፋይል ውስጥ የሚያኖረው 32 ሆሄ ያለው ቁጥር ነው፣ ሌላው የኔትወርክ ካርዱ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቦታ ነው። ቁጥሩን እኔ ገልብጬዋለሁ። ሃያዎቹም በአንድ ላይ የተገዙ፣ አንድ ሞዴል ስለሆኑ የካርዱ ቦታም አንድ ነው። ራውተሩ ሃያ ጊዜ «እኔ እገሌ ነኝ» ሲባል ያው እገሌ ነው ብሎ ሃያ ጊዜ አንድ አድራሻ ሰጠ። እርሱ አልተሳሳተም።

ሞክሼ መሆን በሰው ዘንድ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሁለት አበበዎች ሲገናኙ «ሞክሼ!» ተባብለው ይሳሳቃሉ፣ የአባታቸው ስም ይለያቸዋልና። የእኔ ሃያዎች የአባታቸውም፣ የአያታቸውም ስም አንድ ነበር። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ በብራና መጻሕፍት ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። በየጸሎቱ መካከል «ለገብርከ» ከሚለው ቀጥሎ የባለመጽሐፉ ስም ይገባል፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፍበታል። ብዙ ብራናዎች ላይ የተፋቀው ቦታ እስከ ዛሬ ሻካራ ሆኖ ይታያል። ጥሩ ቁም ጸሐፊ ዳዊቱን ሲገለብጥ ከመዝሙሩ አንድ ፊደል አያጎድልም፤ ስሙ ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ «ይህ ለማን ነው የሚጻፈው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔ ቀና አላልሁም።

የዊንዶውስ ሰዎች ይህን ጣጣ ቀደም ብለው ያውቁታል፤ ማይክሮሶፍት ከመገልበጥ በፊት ስም የሚፍቅ ሲስፕሬፕ የሚባል መሣሪያ ሠርቶላቸዋል። የሚገርመው፣ በዚያ ሠፈር ለዓመታት እጅግ የተፈራው ሞክሼ ሲድ የሚባለው የኮምፒውተሩ የደኅንነት መለያ ነበር፤ የማይክሮሶፍቱ ባለሙያ ማርክ ሩሲኖቪች እ.ኤ.አ. በ2009 ነገሩን መርምሮ ፍርሃቱ መሠረት የለውም ብሎ ጻፈና መለያውን ለመቀየር ራሱ የሠራውን ኒውሲድ የተባለ ፕሮግራም አነሣው። እዚያ የተፈራው ሳይነክስ እዚህ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነከሰኝ።

ምስሉን አርሞ እንደገና መርጨት ሃያ ደቂቃ ነበር። ግን ተማሪዎቹ የጠዋት ሥራቸውን በየኮምፒውተሮቹ ዲስክ ላይ አስቀምጠዋል። በኔትወርክ ገብቼ እንዳላርማቸውም ሃያው በአንድ አድራሻ ስለሚጠሩ የትኛው ጋ እንደምገባ አላውቅም። ስለዚህ ትንሽ ስክሪፕት ፍላሽ ላይ ጻፍሁና ከወንበር ወደ ወንበር ዞርሁ። ስክሪፕቱ የማሽን አይዲውን ፋይል ባዶ ያደርጋል፤ ሲስተሙ ሲነሣ ባዶ ሆኖ ካገኘው አዲስ ቁጥር ለራሱ ያወጣል። ቀጥሎም የኮምፒውተሩን መጠሪያ ይለውጣል። መጠሪያው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ እንጂ ሌላ ስለማይቀበል ላብና ተራ ቁጥር ብዬ ተውሁት፤ በሳጥኖቹ ላይ ግን ከ፩ እስከ ፳ በግእዝ ቁጥር ጽፌ ለጠፍሁ፣ ይህ ለራሴ ደስታ ነው። ኔትወርኩ በሃያ ደቂቃ አንድ ያደረጋቸውን ለመለያየት ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእግሬ ዞርሁ። ራውተሩ ላይ ሃያ መስመር ሲሞላ አንዲት ተማሪ «ተስተካከለ!» አለች፤ እኔም አመንኋት።

ማታ ቤቴ ሳልሄድ ከላፕቶፔ ኤስኤስኤች በሚባለው፣ ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስገባው መሣሪያ አንድ በአንድ እየገባሁ ላያቸው አሰብሁ። የመጀመሪያው ጋ ስገባ የተለመደውን ጠየቀኝ፤ ይህን ኮምፒውተር አላውቀውም፣ ልመነው? አዎን አልሁ። ሁለተኛው ጋ ስደርስ ግን አንድ መስመር ተጨመረ፤ ይህ ቁልፍ በሚከተለው ሌላ አድራሻም ይታወቃል ይላል። ሦስተኛው ጋ የአድራሻዎቹ ዝርዝር ሁለት ሆነ፣ አራተኛው ጋ ሦስት። ኤስኤስኤች እያንዳንዱ ሰርቨር ሲጫን የራሱን የምስጢር ቁልፍ ያበጅለታል፤ ሰርቨሩ እውነተኛው እንጂ አስመሳይ አለመሆኑን የሚያረጋግጠው በዚህ ቁልፍ ነው። የእኔ ሃያዎች አንድ የበር ቁልፍ በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር፤ አንዱን ኮምፒውተር ከፍቶ ቁልፉን የወሰደ ሰው በአሥራ ዘጠኙም ስም ሊናገር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ምን ሌላ ገልብጫለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቴም ትክክል ነበር። አርአያውን ሳሰናዳ የተየብኋቸው ትእዛዞች በታሪክ መዝገቡ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ትእዛዝ ሳይሆን የይለፍ ቃሌ ነበር፣ ተጣድፌ ያለ ቦታው የጻፍሁት። ይህን ስሕተት የማያውቅ የኮምፒውተር ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በአሥራ ዘጠኝ ቅጂ አባዝቶ ለተማሪ ያደለ ግን ከእኔ ሌላ ጥቂት ይሆናል። መዝገቡን በየኮምፒውተሩ አጠፋሁ፤ የይለፍ ቃሉን በሌላ ቦታ ሁሉ ስለምጠቀምበት (አዎን፣ ይህም ሌላ ጥፋት ነው) ያን ሌሊት በየቦታው እየገባሁ ስለውጠው አመሸሁ።

ቁልፎቹን ግን እዚያው ላብ ውስጥ ነበር የለወጥሁት። አሁን አድራሻቸው ስለተለየ መዞር አላስፈለገም፤ ከወንበሬ ሳልነሣ በየተራ እየገባሁ ምስሉ ያመጣውን ቁልፍ አጥፍቼ እያንዳንዱ የራሱን እንዲያወጣ አዘዝሁ። የ፩ን አልነካሁም፤ ቁልፉ ቀድሞም የእርስዋ ነበር። ከዚያ ሥራዬን ለማየት ወደ ፪ መልሼ ስገባ ላፕቶፔ በትልልቅ ፊደል ጮኸችብኝ፤ የዚህ ኮምፒውተር ማንነት ተለውጧል፣ አንድ ሰው ተንኮል እየሠራብህ ሊሆን ይችላል አለች። በሌላ ቀን ቢሆን ልቤ የሚቆም ነበር። የድሮውን ቁልፍ ከመዝገቧ ሰረዝሁና አዲሱን ተቀበልሁ። በ፫ ላይ እንደገና ጮኸች፣ በ፬ም። ያ «በሌላ አድራሻም ይታወቃል» የሚለው መስመር ከአንዱም ጋ አልመጣም። ፳ ላይ ስትጮህ ሰዓቱ ሁለት ተኩል ነበር፤ ጥበቃው በሩን አንኳኩቶ «መብራት ላጥፋ ወይስ ትቆያለህ?» አለኝ።